ፕሮሰሰሩ ለምን ጋለ? አዲስ ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት ሙቀቱ የታገደበትን ቦታ መፈለግ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከመጠን በላይ ሲግል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ትልቅ ማቀዝቀዣ ስለመግዛት ነው። የጓደኞቼንና የዘመዶቼን ኮምፒውተሮች ስከፍትና ስዘጋ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው፤ አብዛኛው የሙቀት ችግር በማጽዳት፣ የተገጠመውን ዕቃ አስተካክሎ በመግጠም ወይም በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚሠራው፣ መሠረታዊ ቅንብሮቹ ያሉበት ፕሮግራም) ውስጥ አንድ ሁለት ቅንብሮችን በመለወጥ ይፈታል። ሙቀት ከሲሊከኑ ተነሥቶ ከክፍሉ አየር ጋር እስኪቀላቀል ድረስ የሚያልፍባቸው ቦታዎች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ ከታገደ ሌላውን ማሻሻል ብዙም አይረዳም። ስለዚህ መፍቻ ከማንሣት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ምን ልግዛ?» ሳይሆን «የታገደው የቱ ጋ ነው?» የሚለው ነው።

ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 120 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር 120 ዋት ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው። የሚወስደው ኃይል በዋናነት የሚወሰነው በጊጋኸርትዝ በሚለካው ፍጥነቱና በሚሠራበት ቮልቴጅ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ኃይሉ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ግን ኃይሉ የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን ነው። ፕሮሰሰሩ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜጋኸርትዞች ለማግኘት ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ስላለበት፣ ለዓይን የማይታይ ትንሽ የፍጥነት ጭማሪ ብዙ ሙቀት ያስከፍላል። በዚህ ላይ ሲሊከን ሲሞቅ ትራንዚስተሮቹ ሥራ ላይ ባይሆኑም የሚያሾልኩት ጅረት ስለሚጨምር፣ ሙቀቱ ራሱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል።

የዛሬዎቹን ፕሮሰሰሮች አስቸጋሪ የሚያደርጋቸው የዋታቸው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ጥበትም ጭምር ነው። ኤኤምዲ የሚባለው ኩባንያ ፕሮሰሰሮች የሆኑት የራይዘን 7000 ተከታታይ የስሌት ክፍሎች (ኮሮች) የሚገኙበት የሲሊከን ቁራጭ ስፋቱ ከ75 ካሬ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ከዚህች ጠባብ ቦታ የሚወጣው ሙቀት መጀመሪያ ወደ ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን፣ ከዚያ ወደ ተርማል ፔስቱ (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ ቀጥሎ ወደ ሂትሲንኩ (ሙቀቱን ተቀብሎ ለአየር የሚሰጠው ባለስስ ቅጠል ብረት)፣ በመጨረሻም ወደ አየሩ መሸጋገር አለበት። አንዳንድ ጊዜ ሂትሲንኩን በእጅ ሲነኩት ለብ ያለ ብቻ ሆኖ ሳለ የሙቀት መለኪያው ሶፍትዌር 90 ዲግሪ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሙቀቱ ገና ከምንጩ በደንብ አልወጣም።

ለመሆኑ «ጋለ» የሚባለው ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው? ይህ እንደ ፕሮሰሰሩ ይለያያል። ብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የመጨረሻ ወሰናቸው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የራይዘን 7000 ተከታታይ አብዛኞቹ ወሰናቸው 95 ሲሆን፣ ከባድ ሥራ ሲሰጣቸው እዚያ ደርሰው እንዲቆዩ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ 95 ማየት በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም። ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ደግሞ 89 ላይ ይቆማል። ወሰኑ ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ያም አልበቃ ብሎ ሙቀቱ ከቀጠለ ኮምፒውተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከነበሩት ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ይህ ጥበቃ ስላልነበራቸው ሂትሲንካቸው ሲነሣ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠሉ ነበር፤ ዛሬ ሙቀት ፕሮሰሰርን በአንድ ጊዜ ሲገድል ማየት ብርቅ ነው። ጉዳቱ የሚታየው በፍጥነት መውረድ፣ በፋን ጩኸትና በድንገት መጥፋት ነው። በእኔ ግምት ከባድ ሥራ ላይ እስከ 85 ድረስ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ ምንም ሳይሠራ 60 የሚያሳይ ኮምፒውተር ነው።

ሙቀቱን ለመለካት ኤችደብሊውኢንፎ ወይም ኮር ቴምፕ የሚባሉት ፕሮግራሞች በቂ ናቸው፤ ሊነክስ ለሚጠቀም ደግሞ ኤልኤም-ሴንሰርስ አለ። ሲነቤንች የሚባለው የመፈተኛ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ ያሠራዋል። ፕራይም95 ከዕለት ተዕለት ሥራ ሁሉ የሚብስ ጫና ስለሚፈጥር፣ በእሱ ላይ የታየውን ቁጥር አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ከዲግሪው ጎን የሚወስደውን ዋትና የክፍሉን ሙቀት መመዝገብ ደግሞ ግዴታ ነው እላለሁ። ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም፤ የሚያደርገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 72 ከሆነ ልዩነቱ 50 ነው፤ ያው ኮምፒውተር፣ ያው ሥራ፣ 32 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ወደ 82 ይጠጋል። ይህን ያልመዘገበ ሰው ሙቀት በበረታበት ወር ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ከቁጥሩ ከፍታ ይበልጥ የሚናገረው ግን ሙቀቱ የሚጨምርበት ሁኔታ ነው። ሲነቤንች ሲጀመር ዓይንን ከሶፍትዌሩ ላይ ሳይነቅሉ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች መከታተል ይገባል። ሙቀቱ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ከ40 ወደ 95 ከዘለለና የሚወስደው ዋት ግን መጠነኛ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ክዳን ወደ ሂትሲንኩ እየተሻገረ አይደለም፤ ፔስቱ ወይም አገጣጠሙ መመርመር አለበት። መጀመሪያ 70 ላይ ተረጋግቶ ከዚያ በየደቂቃው አንድ ሁለት ዲግሪ እየጨመረ ወደ 90 የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሂትሲንኩ ሙቀቱን ተቀብሏል፣ ማስወጣት ግን አልቻለም፤ አቧራ፣ የቆመ ፋን ወይም አየር የማይገባው ኬዝ ይኖራል። ይህን ለማረጋገጥ የኬዙን የጎን ክዳን ከፍቶ ፈተናውን መድገም ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሙቀቱ ከአምስት ዲግሪ በላይ ከወረደ ችግሩ ኬዙ ውስጥ የሚዘዋወረው አየር ነው፤ ምንም ለውጥ ካላመጣ ወደ ሂትሲንኩ መመለስ ይሻላል። ሦስተኛው ዓይነት ሙቀቱ ቶሎ ወጥቶ ዋቱም በፕሮሰሰሩ ካርቶን ላይ ከተጻፈው በጣም የበለጠ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ የሚታየው ባዮሱ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት በቅርብ ያየሁበት አንድ ኮምፒውተር አለ። ባለቤቱ ፔስቱን ደጋግሞ ቢቀይርም ሙቀቱ አልወርድ ብሎት ነበር። ሂትሲንኩ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው፣ በአራት የፕላስቲክ ችካሎች ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ እየተጫነ የሚገጠመው ዓይነት ነው። ሳነሣው የፔስቱ አሻራ ነገሩን ነገረኝ፤ በአንዱ በኩል ብረቱ እስኪታይ ስስ ሆኖ ተጨምቋል፣ በተቃራኒው ጥግ ግን እንደተቀባ ወፍራምና እርጥብ ሆኖ ቀርቷል። ማዘርቦርዱን ገልብጬ ከጀርባው ስመለከት ሦስቱ ችካሎች ጫፋቸውን ከፍተው ወጥተዋል፤ አራተኛው ግን ከቀዳዳው ጫፍ አልፎ አልተከፈተም። ከላይ ሲታይ ግን አራቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። እንደነዚህ ያሉትን ችካሎች በሰያፍ፣ ማለትም አንዱን ከተቃራኒው ጋር እያጣመሩ መጫንና ከጀርባ ማየት ያስፈልጋል፤ በብሎን የሚታሰሩትም ቢሆኑ በሰያፍ፣ ጥቂት ጥቂት እየተዞሩ መጥበቅ አለባቸው።

ፔስቱ ራሱ ሙቀትን በማስተላለፍ ከብረት በጣም ያነሰ ነው። መዳብ ወደ 400 ዋት በሜትር በኬልቪን የሚደርስ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ሲኖረው፣ የተለመዱት ፔስቶች ከጥቂት ነጥቦች እስከ አሥራ ጥቂት ባለው መካከል ናቸው። ነገር ግን ፔስቱ የሚተካው መዳቡን ሳይሆን በሁለቱ ብረቶች መካከል ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ የአየር አቅም ደግሞ 0.03 እንኳ አይሞላም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ፔስት ሊኖር የሚገባው ክፍተቱን ለመሙላት ያህል ብቻ እንደሆነ ነው። በመካከለኛ ፕሮሰሰር ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ መሃል ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ሰፊ ክዳን ላላቸው ትንሽ መጨመር ወይም በኤክስ ቅርጽ መቀባት ይቻላል። ትንሽ ቢበዛ ተጨምቆ ዳር ዳር ከመውጣት ያለፈ ጉዳት የለውም፤ ማነሱ ግን ያልተሸፈነ ጥግ ያስቀራል። በርካሹና በውዱ ፔስት መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ በምርቱ ስም ላይ ክርክር አልገባም።

ፔስት በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ብረቱ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ሲሰፋና ሲጠብም ከመሃል ወደ ዳር እየተገፋ ይወጣል። ለመቀየር አሮጌው በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ከሁለቱም ገጽ ይጠረጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰር መግጠሚያ) ላይ የሚገጠሙ ራይዘን ፕሮሰሰሮች እግሮቻቸው ከፕሮሰሰሩ ሥር ስለሆኑ፣ ፔስቱ ደርቆ ሂትሲንኩ በቀጥታ ወደ ላይ ከተሳበ ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈ ሶኬት ውስጥ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል፤ እግሮቹም ሊታጠፉ ይችላሉ። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ያህል በከባድ ሥራ አሙቆ፣ ካጠፉትና ከመብራት ከነቀሉት በኋላ፣ ሂትሲንኩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በእርጋታ እያሽከረከሩ ማላቀቅ ይህን ያስቀራል። አዲስ ማቀዝቀዣ ሲገጠም ከሥሩ የተለጠፈውን መከላከያ ፕላስቲክ ማንሣት ደግሞ መናገር የማያስፈልገው ይመስላል፤ ከነፕላስቲኩ የተገጠመ ግን ዛሬም አይጠፋም። ፈሳሽ ብረት የሚባለው ከፔስት በእጅጉ ይሻላል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍና በውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየምን ስለሚበላ፣ ልምድ ለሌለው ሰው አልመክረውም።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ቀስ እያለ የሚወጣው ሙቀት፣ በአብዛኛው መነሻው አቧራ ነው። ሰው ኬዙን ከፍቶ የፋኑን ምላሶች አይቶ «ንጹሕ ነው» ይላል። አቧራው ግን የሚጠራቀመው ከፋኑ በስተጀርባ፣ አየሩ ወደ ሂትሲንኩ ስስ የብረት ቅጠሎች በሚገባበት ፊት ላይ ነው። ፋኑን ፈትቶ ላነሣው ሰው እዚያ እንደ ብርድ ልብስ የተደራረበ፣ በጣት ሲይዙት በአንድ ቁራጭ የሚላጥ ግራጫ ሽፋን ይጠብቀዋል። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ አየሩ ግን አይገባም። ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ የታመቀ አየርና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ የአየሩን ጣሳ ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ፈሳሹ ይረጫል። በሚነፋበት ጊዜ ምላሱን በጣት መያዝ ይገባል፤ አየሩ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ካሽከረከረው የፋኑ መዞሪያ (ቤሪንግ) ይጎዳል። የቤት ውስጥ ቫኪዩም ክሊነርን ማዘርቦርድ አጠገብ ማቅረብ አልወድም፤ የማይንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ሊፈጥር ይችላል።

በኬዙ ውስጥ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ አየር ከፊት ወይም ከሥር ገብቶ ሞቃቱ ከኋላና ከላይ እንዲወጣ ማድረግ ብቻ ነው። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ፋን ለብዙው ኮምፒውተር ይበቃል። ፋን ወደየት እንደሚነፋ ያልተጻፈበት ከሆነ ማወቂያው ቀላል ነው፤ በተለመዱት ፋኖች አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የሚይዙት አግዳሚዎች ባሉበት ጀርባ በኩል ነው። ከላይ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ የሚገጠም አስወጪ ፋን ግን የገባውን ቀዝቃዛ አየር ፕሮሰሰሩ ጋር ሳይደርስ መልሶ ያወጣል። ፊታቸው በመስታወት የተዘጋ ኬዞች ያምራሉ እንጂ አይተነፍሱም። ጌም ሲከፈት ብቻ ፕሮሰሰሩ የሚግል ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው ግራፊክስ ካርድ 200 ወይም 300 ዋት ሙቀት ወደዚያው ኬዝ እየለቀቀ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ አይደለም። ኬዙን በተዘጋ የጠረጴዛ ሳጥን ውስጥ መክተት ወይም ጀርባውን ከግድግዳ ማጣበቅ የወጣውን ሙቀት መልሶ ያስገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ከፍታ ነው። በየምርመራ ጽሑፉ የሚወጡት የሙቀት ቁጥሮች በአብዛኛው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ የተለኩ ናቸው። በ2000 ሜትር ከፍታ የአየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም በየደቂቃው ሂትሲንኩን የሚያልፈው የአየር ክብደት በዚያው ልክ ያንሳል። በደጋ የሚኖር ሰው ከሌላ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ ገጥሞ ጥቂት ዲግሪ ቢበልጥበት ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የፋኑን ፍጥነት ትንሽ ከፍ ማድረግ ያካክሰዋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓይነት ልምጣ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም የተዘነጋው ይህ ነው። በካርቶኑ ላይ «125 ዋት» የሚል ፕሮሰሰር 125 ላይ ይቆማል ማለት አይደለም። ኮር አይ9-13900ኬ መሠረታዊ ኃይሉ 125 ዋት ሲሆን ከፍተኛው ግን 253 ዋት ነው። ራይዘን 9 7950ኤክስ 170 ዋት ተብሎ 230 ድረስ ይወስዳል። በዚህ ላይ በርካታ ማዘርቦርዶች በፍጥነት ውድድር እንዲያሸንፉ ሲባል የኃይል ወሰኑን ከፋብሪካ አንሥተው ይመጣሉ፤ ባለቤቱም ምንም ሳይነካ ፕሮሰሰሩ ያለ ገደብ ይሠራል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ፒኤል1 እና ፒኤል2 የሚባሉትን የኃይል ወሰኖች አምራቹ ወዳወጣው ቁጥር መመለስ፣ በራይዘን ላይ ደግሞ የኃይሉን ወሰን ዝቅ የሚያደርገውን ኢኮ ሞድ የሚለውን ቅንብር ማብራት ሙቀቱን በአሥር ዲግሪዎች ሊያወርደው ይችላል። የሚታጣው ፍጥነት ከሚቀነሰው ዋት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ምክንያቱ ከላይ የተነሣው የቮልቴጅ ነገር ነው። የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ከሁሉ በፊት ባዮሱን ማደስ አለበት፤ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ በፕሮሰሰሮቹ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመከላከል ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ትእዛዝ) ማስተካከያ አውጥቷል።

ቮልቴጁን ራሱ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ከ1.30 ወደ 1.20 ቮልት መውረድ ፍጥነቱ ሳይነካ የሚወስደውን ኃይል 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በራይዘን ከርቭ ኦፕቲማይዘር ለዚህ የተሠራ ነው። መጠኑን በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ ከየለውጡ በኋላ መሞከር ያስፈልጋል፤ ከመጠን ያለፈ ቅነሳ ሁልጊዜ ወዲያው በመዘጋት አይገለጥም፤ አንዳንዴ ችግሩ ከቀናት በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ በተቀመጠበት ይመጣል። ባዮስ ውስጥ መግባት የሚያስፈራው ሰው በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ቢያደርግ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ቱርቦው (ከመደበኛው በላይ የሚሄድበት ፍጥነት) ይጠፋል፤ ሙቀቱም ወዲያው ይወርዳል። ይህ ግን ፍጥነትን በግልጽ ስለሚቀንስ ጊዜያዊ መላ ነው። የፋኑ ጩኸት የሚያስመርር ከሆነ ደግሞ ፋኑ ለሙቀት ለውጥ ምላሽ የሚሰጥበትን ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ማዘግየት ይበቃል፤ አንድ ገጽ በተከፈተ ቁጥር መጮኹ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ፕሮሰሰሩም በወሰኑ ውስጥ እየሠራ አሁንም ከባድ ሥራ ላይ ፍጥነቱን የሚቀንስ ከሆነ ያን ጊዜ ማቀዝቀዣው በእውነት አንሶታል ማለት ነው። የእኔ ምርጫ ትልቅ ባለሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ነው፤ በውስጡ ሊበላሽ የሚችለው ፋኑ ብቻ ነው፤ እሱም ለብቻው ይቀየራል። በፈሳሽ የሚሠራው ባለ360 ሚሊሜትር ራዲያተር 250 ዋት አካባቢ ለሚወስዱ ፕሮሰሰሮች ይሻላል፤ ግን ፓምፕ አለው፣ ፈሳሹም በዓመታት ውስጥ በቱቦው በኩል ጥቂት በጥቂት ይተናል። ፓምፑ ከራዲያተሩ የላይኛው ጫፍ በታች እንዲሆን አድርጎ መግጠም ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በውስጡ ያለው አየር ፓምፑ ላይ ይሰበሰባል፤ ፓምፑም ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነቱ እንዲሠራ በባዮስ መወሰን ይኖርበታል። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ እያሳየ ራዲያተሩ ሲነካ ቀዝቃዛ ከሆነ ፓምፑ ቆሟል። የአየር ማቀዝቀዣ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለካ፤ ትልልቆቹ ቁመታቸው 160 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚደርስ የኬዙ የጎን ክዳን መዘጋቱን፣ ረጃጅም ራሞችም (የማስታወሻ ካርዶች) ከፊተኛው ፋን ሥር መግባታቸውን።